«ግልጽ ነው» ማለት «እሠራዋለሁ» ማለት አይደለም

በመጋቢት ወር የሚደረግ የቀበሌ ስብሰባ ምን እንደሚመስል ለዚህ ዓምድ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሰው ከዛፍ ሥር ወይም ከአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ ግቢ ይሰበሰባል። አባቶች መርቀው ይከፍታሉ። ከወረዳ የመጣው ኃላፊ ይናገራል፣ ቀጥሎ ባለሙያው ይናገራል። ፀሐይዋ ስትከርር አንዱ ተነሥቶ «ግልጽ ነው?» ይላል። «ግልጽ ነው!» ይባላል። «ጥያቄ ያለው?» ዝም። «እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ…» ይባልና ስብሰባው ይበተናል። በማግስቱ ይህን ያህል አርሶ አደሮች፣ ከእነዚህም ውስጥ ይህን ያህል ሴቶች ግንዛቤ ተፈጠረላቸው ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

እኔም ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። በአንድ ደጋማ ወረዳ በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ስሠራ የተመደብኩበት ቀበሌ አፈር አሲዳማ ነበር። አሲዳማ አፈር የሰጡትን ፎስፈረስ አሥሮ ያስቀረዋል፤ አርሶ አደሩ ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ ለሰብሉ አይደርሰውም። ገብሱ ይቀጭጫል፣ ባቄላው ይጠወልጋል። ብዙዎች መሬታቸውን ለእንግዶና ለባሕር ዛፍ እየለቀቁ ነበር። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ የሚበልጠው ይህ ችግር እንዳለበት ስለሚነገር፣ ጉዳዩ የእኛ ቀበሌ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ኖራ ነው። ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ መቀላቀል አለበት።

ስብሰባ ጠራሁ፤ 63 ሰው መጣ። አሲድ ምን እንደሆነ፣ ኖራው ምን እንደሚሠራ፣ መቼና እንዴት እንደሚበተን አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ። «ግልጽ ነው?» አልኩ። ግልጽ ነበር። ሰኔ ሲገባ ግን ኖራው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን እንደተደረደረ ነበር። ጥቂት ሰዎች ወስደው ነበር፤ እነርሱም ከቤታቸው ጥግ አቁመውታል። ለአለቃዬ «አርሶ አደሩ የአመለካከት ችግር አለበት» አልኩት። የአመለካከት ችግር በእኛ መሥሪያ ቤት ቋንቋ ምክንያቱን ሳንጠይቅ ለቀረነው ነገር ሁሉ የምንሰጠው ስም ነው።

ሐምሌ ላይ ከስብሰባው ፊት ለፊት ተቀምጠው ከነበሩ አንድ አባት ቤት ቡና ተጠራሁ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ ደፈር ብዬ «አባባ፣ ያን ኖራ ለምን ተዉት?» አልኳቸው። ሳቅ አሉና እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ግልጽ ነው ወይ ብለህ ጠየቅኸን። ግልጽ ነበር፤ አሳምረህ ነው የነገርኸን። ትችላላችሁ ወይ ብለህ ግን አልጠየቅኸንም።» ከዚያ ነገሩን አፍታቱልኝ። ከዘር አንድ ወር ቀደም ብሎ ማለት በእነርሱ አገር ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት መጀመሪያ ነው። ያን ጊዜ ምድሩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ገለባው አልቆ በሬው አጥንቱ ቀርቷል። ያን በሬ ጠምዶ ያን ምድር የሚያርስ ሰው የሰኔን እርሻ በምን በሬ ያርሳል? ቀጠሉና «ምርት እንደተነሣ፣ ምድሩ እርጥበቱን ሳይጨርስ፣ በሬውም ገና ጠገብ እንዳለ ብንበትነውና ብናርሰው ምን ይለዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔ ምን እንደሚለው አላውቅም ነበር። የምርምር ማዕከል ባልደረቦችን ጠየቅሁ፤ ቀድሞ መግባቱ ክፋት የለውም፣ ኖራው ከአፈሩ ጋር የሚሠራበት ጊዜ ያገኛል እንጂ አሉኝ። መልሱ ከስብሰባው መካከል፣ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። አንድ የምርት ዘመን ያለፈን ኖራ አጥተን አይደለም፣ እውቀት አጥተንም አይደለም። ጥያቄዬ የተበጀው ያን መልስ እንዳያወጣ ሆኖ ነው።

ከዓመታት በኋላ ትምህርቴን ስቀጥል፣ ሰዎች በየዕለቱና በሥራ ቦታ እንዴት እንደሚነጋገሩ ብቻ የሚያጠኑ ምሁራን እንዳሉ ተረዳሁ። መጀመሪያ ላይ ቅንጦት መስሎኝ ነበር። ጥናቱን የጀመረው ሃርቪ ሳክስ የተባለ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለስ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ወደተቋቋመ ማዕከል የሚመጡ የስልክ ጥሪዎችን በቴፕ ተቀርጸው ያዳምጥ ነበር። የማዕከሉ ሠራተኞች የደዋዮችን ስም ማግኘት ይቸግራቸዋል። ስልኩን የሚያነሣው ሠራተኛ «እኔ እገሌ ነኝ፣ ምን ልርዳዎት?» ሲል ደዋዩ ብዙ ጊዜ የራሱን ስም ይመልሳል። አንዱ ደዋይ ግን ስም በሚነገርበት ቦታ ላይ «አልተሰማኝም» አለ። ሠራተኛው ስሙን ደገመ፣ ጨዋታው ቀጠለ፣ የደዋዩ ስም ግን ሳይነገር ቀረ። ሳክስ ከዚህ ያወጣው ትምህርት ቀላል ይመስላል። ሰው የሚናገረው ያለውን ሁሉ አይደለም፤ ፊት የተናገረው ሰው በከፈተለት ቦታ የሚገባውን ነው። ቦታው ካለፈ ነገሩም ያልፋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «እንደምን አደሩ?» ሲባል ቤቱ የታመመ ሰው ያለበትም «ፈጣሪ ይመስገን» ይላል። ይህ ውሸት አይደለም፤ የሰላምታ ቦታ የወሬ ቦታ ስላልሆነ ነው። ወሬው ተቀምጠው፣ ከብቱም ልጁም በየተራው ከተጠየቀ በኋላ ይመጣል። «ግልጽ ነው?» የሚለው ጥያቄያችንም እንደዚያው ነው። የስብሰባ መዝጊያ ሰላምታ ሆኗል፤ የሚያገኘውም የሰላምታ መልስ ነው።

በዚህ ዘርፍ ብዙ የተጠናው የሐኪምና የታማሚ ንግግር ነው። የእኛ ሥራ ከሐኪሙ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ፤ አንዱ የተማረ ነው፣ ሌላው ችግሩን በገላው ወይም በማሳው የተሸከመ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን 74 የሕክምና ቀጠሮዎችን ቀርጸው አጠኑ። የመጣበትን ነገር ጀምሮ እስከ መጨረሻው የመናገር ዕድል ያገኘው ታማሚ 23 በመቶ ብቻ ነበር። ሐኪሙ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ያቋርጠዋል። ነገሩን የከፋ የሚያደርገው ታማሚ መጀመሪያ የሚያነሣው ነገር ሁልጊዜ ዋነኛው ችግሩ አለመሆኑ ነው። እኛስ? አርሶ አደር «ስንዴዬ ቅጠሉ ቢጫ…» ብሎ ሲጀምር ዋግ ነው፣ ናይትሮጅን ነው፣ ብለን ስንት ሰከንድ ጠብቀን እናቋርጠዋለን? ቢጨርስ ኖሮ የዘራው ዘር ከየት እንደመጣ፣ የጎረቤቱም ማሳ እንደታመመ ይነግረን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች እንዴት እንዳጠቃ የሚያስታውስ ባለሙያ፣ ያ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚያወጣ ያውቃል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ጆን ሄሪቴጅ የተባለ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጥናት ነው። 20 የቤተሰብ ሐኪሞችና 224 ታማሚዎች ነበሩበት። ሐኪሞቹ ታማሚው የመጣበትን ዋና ነገር ከሰሙ በኋላ «ሌላም የሚነግሩኝ ነገር አለ?» ብለው እንዲጠይቁ ተደረገ። ልዩነቱ በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ነው። ግማሾቹ ሐኪሞች «አዎ» የሚል መልስ የምትጠብቀውን ቃል ይዘው ጠየቁ፤ ግማሾቹ ደግሞ «የለም» ወደሚለው የምታዘነብለውን። በመጀመሪያይቱ ቃል ከተጠየቁት 90 በመቶ ያህሉ «አዎ፣ አለ» አሉ። በሁለተኛይቱ 53 በመቶ ያህሉ ብቻ። ሳይነገሩ ይዘዋቸው ወደ ቤት የሚመለሱት ችግሮች በመጀመሪያይቱ ቃል 78 በመቶ ቀነሱ፤ ሁለተኛይቱ ምንም ካለመጠየቅ ብዙም አልተለየችም። የቀጠሮውም ርዝመት አልጨመረም።

ጥናቱ በእንግሊዝኛና በሐኪም ቤት የተደረገ ነው፤ እንዳለ ወደ ቀበሌ ስብሰባ ይሠራል ብዬ አልምልም። ነገር ግን አማርኛችንም ጥያቄን ወደ አንድ ወገን የማዘንበል ዘዴ ሞልቶታል። «የቀረ ነገር የለም፣ አይደል?» የሚለውን ጥያቄ ሰምቶ «አለ» ለማለት ሰው ጠያቂውን መጋፋት አለበት። «ጥያቄ ያለው?» የሚለውም አልገባኝም የሚል ሰው እጁን ያንሣ እንደማለት ይሰማል። በ60 ሰው ፊት፣ በልጁ ዕድሜ ባለ ባለሙያ ፊት ማን ተነሥቶ አልገባኝም ይላል? «ይህን ለመሥራት ምን ያስቸግራችኋል?» ብንል ግን ችግር መኖሩን እኛው ቀድመን ተቀብለናል። ተናጋሪው ባለሙያውን አልተቃወመም፣ የተጠየቀውን መለሰ እንጂ።

«እሺ» ስለምትባለው ቃልም ላንሣ። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የምንል ሰዎች ነን፤ እሺታ ጨዋነት ነው። በእኛ ንግግር ውስጥ እሺ ብዙ ሥራ አላት። ሰማሁህ ማለት ናት፤ ቀጥል ማለት ናት፤ አክብሬሃለሁ ማለት ናት፤ ይበቃል፣ ልሂድበት ማለትም ትሆናለች። አንዳንድ ጊዜ ብቻ እሠራዋለሁ ማለት ናት። ባለሙያው ሁሉንም እንደ መጨረሻዋ አድርጎ ቆጥሮ ዕቅድ ውስጥ ያስገባታል። በስብሰባ 200 ሄክታር በመስመር ለመዝራት እሺ ተብሎ፣ በመስክ ምልከታ ከመንገድ ዳር ያለው ብቻ በመስመር ተዘርቶ ያላገኘ ኃላፊ ካለ እጁን ያንሣ።

ጥያቄው ቢስተካከልም መጠበቅ የሚባል ነገር አለ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየችው፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ይህን ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ የሚመልሱትም በዙ። ሦስት ሰከንድ ማለት እኮ ምንም ማለት ነው። ነገር ግን በስብሰባ ፊት ቆሞ ለሞከረው ሰው ረጅም ነው። እኔ ስሞክረው በልቤ እስከ 20 እቆጥር ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ላብ ያሰምጠኝ ነበር፤ ዝምታው ያላዋቂ ያስመስለኛል ብዬ እፈራ ስለነበር። እድርና ሽምግልና የሚቀመጡ አባቶች ግን ይህን ያውቁበታል። ሽማግሌ ነገር ጠይቆ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል፤ ያልተናገረውንም «አንተስ?» ብሎ በስሙ ይጠራዋል። እኛ በዲፕሎማና በዲግሪ ስንመጣ ያን ጥለን የመጣን ይመስለኛል።

ስለ ጎረቤት ወሬም አንድ የቆየ ጥናት አለ። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ሪያንና ግሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች የተዳቀለ የበቆሎ ዘር እንዴት እንደተስፋፋ ለማወቅ በሁለት የገጠር መንደሮች የሚኖሩ አርሶ አደሮችን ጠይቀው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1943 አሳተሙ። ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት በአብዛኛው ከዘር ሻጮች ነበር፤ ለመዝራት እንዲቆርጡ ያደረጋቸው ግን በይበልጥ የጎረቤቶቻቸው ልምድ ነው። መረጃ ከሻጭም፣ ከራዲዮም፣ በ8028 ስልክም ይገኛል፤ ጥሩ ነው። ማመን ግን የሚመጣው በሚታይ ማሳና በሚታመን ሰው አፍ ነው። የእኛ የልማት ቡድንና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ለዚህ የተመቸ ነበር፤ አምስት ሰው ሲቀመጥ ሰው ያወራል። ያበላሸነው ከላይ የወረደውን መመሪያ ወደ ታች ማንበቢያ ብቻ ስናደርገው ነው።

የወረዳ ኃላፊዎች ሁለት ነገር እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። አንደኛው ጊዜ የለም የሚል ነው። ክረምት አይጠብቅም፣ ዕቅዱ ከዞን የወረደ ነው፣ በሳምንት ስንት ቀበሌ ይዞራል። ለዚህ መልሴ ያ የመጋዘን ኖራ ነው፤ በአንድ ጥያቄ የሚድን አንድ ዓመት ባክኗል። ሁለተኛው የበለጠ እውነት አለው። «ምን ያስቸግራችኋል» ካልን ስለ ማዳበሪያ መዘግየት፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ብድሩ ይነሣና ስብሰባው ከእጃችን ይወጣል ይላሉ። አዎ፣ ይነሣል። መልስ የሌለንንም ይጠይቁናል። «ይህ በእኔ እጅ አይደለም፣ ለሚመለከተው አደርሳለሁ» ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ማድረስ ነው። ካልተጠየቀ ቅሬታው የጠፋ የሚመስለው ካለ ወደ ገበያ ቀን ጠላ ቤት ጎራ ይበል።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በየሳምንቱ ከቀበሌ ወደ ወረዳ የሚላከው የሪፖርት ቅጽ ስንት ሰው እንደተሰበሰበ፣ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ወጣት እንደነበረ ይጠይቃል። አርሶ አደሩ ምን እንዳለ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ከቅጹ ቦታ የሌለው ነገር ደግሞ ከባለሙያው ጆሮም ቦታ አያገኝም። አንድ ዓምድ ይጨመርበት፤ «ይሠራ ስለተባለው ነገር አርሶ አደሩ ያነሣው ችግር» ተብሎ። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ይህን ለማድረግ የክልል መመሪያ መጠበቅ ያለባቸው አይመስለኝም። ዓምዱ ባዶ ሆኖ የመጣ ሪፖርት ሥራው ተዋጥቷል ተብሎ አይመስገን፤ አልተጠየቀም ተብሎ ይመለስ።

አርሶ አደሮችም አትቀየሙኝ። ባለሙያውን አክብራችሁ እሺ ብላችሁ ሸኝታችሁ፣ ከቤት ገብታችሁ «ይህ ልጅ እርሻ ያውቃል?» ብላችሁ መሳቁ ለእናንተም አይጠቅምም። ልጁ ካልነገራችሁት በመጪው ዓመትም ያንኑ ይዞ ይመጣል። ደመወዙ አይቀርበትም፤ ማሳው የእናንተ ነው። «እሺ፣ ግን» ማለት ድፍረት አይደለም።

በተከታዩ ዓመት በዚያው ቀበሌ እንደገና ሰው ሰበሰብሁ፤ በዚህ ጊዜ ገና ምርት ሳይነሣ፣ በጥቅምት ነበር። የአባባን ሐሳብ አቀረብሁ፤ የማን እንደሆነም ተናገርኩ። ከዚያ «ይህን ለመሥራት ምን ያስቸግራችኋል?» ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ወደ 15 ገደማ ስደርስ ከኋላ በኩል ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ፣ ባለፈው ዓመትም የነበሩ፣ አንድ ቃል ግን ሲናገሩ ሰምቻቸው የማላውቅ እናት ድምፃቸውን አሰሙ። አንዲት ጥማድ መሬት አለቻቸው። «ለሄክታር 30 ኩንታል ብለሃል» አሉኝ። «ለእኔዋ ጥማድ ሰባት ኩንታል ተኩል መሆኑ ነው። አህያ ግማሽ ኩንታል ነው የሚጭን። ከመጋዘኑ እስከ ማሳዬ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ አሥራ አምስት ጊዜ። እኔ ባሌ ሞቷል፣ አህያም የለኝ። ኖራው በጎ ነው፣ እሺ። በማን አህያ?»

ማንም አልሳቀም። ሦስት አራት ሰዎች ተከታትለው እጃቸውን አነሡ፤ ለካ የብዙዎቹ ነገር ያው ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደብተሩን አወጣና አህያ ያላቸውን ሰዎች ስም፣ ከእያንዳንዱም ስም ፊት ለፊት በየትኛው ቀን ለማን እንደሚያጓጉዝ መጻፍ ጀመረ።